በትንሽ አኳሪየም ውስጥ አብረው ሊኖሩ የሚችሉ ዓሦችን ስለ መምረጥ

ባለፈው ዓመት በመኝታ ክፍላችን መስኮት አጠገብ አንድ የመስታወት ሣጥን አቁመን፥ ከአዲስ አበባ በላስቲክ ከረጢት ያስመጣናቸውን ስድስት ጋፒ የሚባሉ ትናንሽ ዓሦች እናኖርበት ነበር። የገዘር ልጅ የሆነ ጓደኛችን ለበዓል ወደ ቤተ ሰቦቹ ሄዶ ሲመለስ፥ ለሣጥናችሁ ጌጥ ትሆናለች ብሎ፥ ከመንደሩ አጠገብ ካለው ወንዝ የተያዘች ስንዝር የማትሞላ አምባዛ በጄሪካን ይዞልን መጣ። መንገዱ ፀሓይና አቧራ፥ ውኃውም ጥቂት ስለ ነበረ፥ ሞታ ትደርሳለች ብሎ ሠግቶ ነበር። እርሷ ግን እንደ ተያዘች ሆና ደረሰች። እኛም በጥንካሬዋ ተደንቀን ያን ዕለት ማታ ከጋፒዎቹ ጋር ጨመርናት። በማግስቱ ጧት አራት ጋፒ ቈጠርን። በሦስተኛው ቀን ሁለት ቀሩ። ሳምንት ሳይሞላ ሣጥኑ የአምባዛዋ ብቻ ሆነ።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላል ያገራችን ሰው። እኛ ግን ዘንዶውን በገዛ እጃችን አስገባነው።

በክፍላችን ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን ጥፋቱን በአምባዛዋ ላይ፥ አንዳንዶቻችንም በጓደኛችን ላይ ጣልን። ነገሩን ከመጻሕፍት መርምረን፥ ባዮሎጂ የሚያጠኑትንም ጓደኞቻችንን ጠይቀን ስናበቃ ግን ጥፋተኞቹ እኛው ሁላችን መሆናችንን ተረዳን። አምባዛዋ የሠራችው በወንዟ ትሠራው የነበረውን ነው። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበውም፥ ዓሣ ለማኖር የሚያስቡ ተማሪዎች እኛ በስድስት ነፍስ የገዛነውን ትምህርት ያለ ዋጋ እንዲያገኙት ነው።

1. ወንዝና መስታወት አንድ አይደሉም

ዓሣ ሊገዛ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ይህ ዓሣ ሰላማዊ ነው ወይስ ጠበኛ?» ብሎ ነው። ጥያቄው መልካም ቢሆንም ጎደሎ ነው። አንድ ዓሣ በአንድ ቦታ ከብዙ ጎረቤት ጋር ተስማምቶ ሲኖር፥ በሌላ ቦታ ጎረቤት የሚያጠፋ ሊሆን ይችላልና።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። የእኛው ኦሞ ወደ 760 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። በዚህ ወንዝና በሐይቁ ውስጥ ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችለው ናይል ፐርች፥ ጥርሱ ከአፉ ውጭ የሚታየው ታይገር ፊሽ፥ በኤሌክትሪክ የሚመታው ዓሣ፥ ሲቈጣ እንደ ፊኛ የሚነፋው ፓፈር፥ እንዲሁም ቆሮሶና አምባዛ፥ ከነዚህም ሌላ ብዙ ትናንሽ ዓሦች ይኖራሉ። በላተኛውም ተበይውም ለብዙ ሺሕ ዓመታት አብረው ኖረዋል። እንዲህ ሊኖሩ የቻሉት ስለ ተዋደዱ አይደለም። ወንዙ ጥልቅና ጥልቅ ያልሆነ ቦታ አለው፤ በዳሩ ሣርና ሥር አለው፤ ክረምት ሲሞላም ሜዳው ላይ ይሰፋል። ትንሹ የሚሸሽበትና የሚደበቅበት አያጣም፤ ከሚበላበት ይበልጥ ይወልዳል። አንዱ ቀን ሲያድን ሌላው በሌሊት ያድናል።

አሁን ደግሞ ያንኑ ናይል ፐርች በሌላ ቦታ እንመልከተው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት ይህ ዓሣ ከዚያ በፊት ወዳልነበረበት ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ገባ። በዚያ ይኖሩ የነበሩት ትናንሽ ዓሦች እንዲህ ያለ በላተኛ አይተው አያውቁም ነበር። ናይል ፐርቹ በ1980ዎቹ እጅግ በዛ፤ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ ከማይገኙት የሐይቁ ዓሦች ውስጥም ወደ 200 የሚጠጉ ዐይነቶች እንደ ጠፉ ሊቃውንት ይገምታሉ። ወደ ሐይቁ የሚገባው ቆሻሻም ለጥፋቱ ድርሻ ነበረው። የሆነ ሆኖ ዓሣው በኦሞ ከነበረው ዓሣ ጋር አንድ ዐይነት ነው። የተለወጠው ጠባዩ ሳይሆን ቦታውና ጎረቤቶቹ ናቸው።

እንግዲህ ስምምነት የሚባለው ነገር በዓሣው ጠባይ ብቻ ሳይሆን በስፍራውም የሚወሰን ነው። ትንሽ አኳሪየም ደግሞ ከስፍራ ሁሉ የጠበበው ነው። በ60 ሳንቲ ሜትር ሣጥን ውስጥ የሚሸሽ ዓሣ ጅራቱን ጥቂት እንዳወዛወዘ ግድግዳ ያገኛል። ወንዙ በስፋቱ ያደርገው የነበረውን የማራራቅ ሥራ መስታወቱ ሊሠራው አይችልም። ስለዚህ ያን ሥራ በምርጫው አስቀድሞ መሥራት ያለበት ባለቤቱ ነው።

2. ከዓሣው በፊት ውኃው

ዓሦቹ አልተስማሙም የሚባልበት ሞት ብዙ ጊዜ የጠብ ሳይሆን የመርዝ ሞት ነው። ስለዚህ ወደ ምርጫው ከመግባታችን በፊት ስለ ውኃው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል።

በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የሚባል የሎንዶን ኬሚስት አንድ ሙከራ ገለጸ። ሁለት ወርቃማ ዓሦችን ከውኃ ተክል ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ አኖረ። ተክሉ ለዓሦቹ ኦክስጅን ይሰጣል፤ ነገር ግን የረገፈው ቅጠል እየበሰበሰ ውኃውን አደፈረሰው። ዋሪንግተን ብስባሹን የሚበሉ ቀንድ አውጣዎች በጨመረ ጊዜ ውኃው ጠራለት። ከአራት ዓመት በኋላ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የሚባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ አኳሪየም የሚለውን ስም በመጽሐፉ አስለመደ። ከዚያ ወዲህ ዕውቀቱ ቢሰፋም፥ የዋሪንግተን መሠረተ ሐሳብ ዛሬም አልተሻረም። ይኸውም፥ በሣጥኑ ውስጥ አንዱ የሚጥለውን ሌላው ካላነሣው ሁሉም ይታመማሉ ማለት ነው።

ዋሪንግተን ያላያቸው ሠራተኞች ባክቴሪያዎች ናቸው። ከዓሣ ኩስና ከተረፈ ምግብ አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያ ጥቂቱም ቢሆን ዓሣ የሚተነፍስበትን ክፍል ያቃጥላል። አንድ ወገን ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌላው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ይህ በጣም ካልበዛ አይጎዳም። እነዚህ ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ ተራብተው ለሥራ እስኪበቁ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ። ስለሆነም ሣጥኑን በገዙበት ቀን ዓሣ መጨመር ምግብ በሌለበት ቤት እንግዳ እንደ መጥራት ነው። በባዶው ሣጥን ማጣሪያው እየሠራ፥ በየጥቂት ቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየጣሉ ባክቴሪያዎቹን ማሳደግ፥ ከዚያም ዓሦቹን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ጥቂት ጥቂቱን ማስገባት ይሻላል።

የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው በባልዲ ተሞልቶ፥ ሳይከደን፥ አንድ ቀን ሙሉ መቆየት ይገባዋል። በየሳምንቱ ከሣጥኑ ውኃ ሩቡን ያህል ቀድቶ እንዲህ በሰነበተ ውኃ መተካት ነው። ስፖንጁ ሲቈሽሽ ከዚያው ከሣጥኑ በተቀዳው ውኃ ይታጠባል። በክሎሪን ውኃ የታጠበ እንደ ሆነ፥ ስንት ሳምንት የለፋንባቸው ባክቴሪያዎች በአንድ ጊዜ ያልቃሉ።

3. አራት ጥያቄዎች

ውኃው ከተዘጋጀ በኋላ፥ ሁለት ዐይነት ዓሦችን አንድ ላይ ለማኖር ስናስብ እነዚህን አራት ጥያቄዎች በተራ እንድንጠይቅ ያስፈልጋል። ከአራቱ በአንዱ እንኳ መልሱ «አይሆንም» ከሆነ፥ የቀሩት ሦስቱ «ይሆናል» ማለታቸው አይረዳንም።

አንደኛው የውኃ ጥያቄ ነው። ሁለቱ ዓሦች በአንድ ሙቀት ይኖራሉ ወይ? ወርቃማው ዓሣ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ያለውን ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ይወዳል። ቤታ የሚባለው የታይላንድ ተዋጊ ዓሣ ግን ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ሣጥን ማኖር የደገኛን ብርድ ልብስ ለበረሃ ሰው፥ የበረሃውን ሽርጥ ለደገኛ ማልበስ ነው። ከሙቀቱም በቀር የውኃው ጠባይ ይታያል። ጋፒና ፕላቲ ማዕድን የበዛበትን ውኃ ሲወዱ፥ ከፔሩ አማዞን የመጣው ኒዮን ቴትራ ማዕድን ያልበዛበትንና ጥቂት አሲድነት ያለውን ውኃ ይመርጣል።

ሁለተኛው የአፍ ጥያቄ ነው። የአንዱ አካል በሌላው አፍ ውስጥ ይገባል ወይ? ይገባ እንደ ሆነ አንድ ቀን መግባቱ አይቀርም። እዚህ ላይ ዓሣው ጠበኛ መሆን አለመሆኑ ቁም ነገር አይደለም፤ የሚበላው ስለ ተራበ እንጂ ስለ ተቈጣ አይደለምና። ትውልድ አገር አንድ መሆኑም ዋስትና አይሆንም። ኤንጅል ፊሽ የሚባለው ውብ ዓሣ እንደ ኒዮን ቴትራ ሁሉ የአማዞን ተወላጅ ነው፤ ዳሩ ግን ሲያድግ ኒዮኑን ይውጠዋል። በሱቅ አብረው ሲዋኙ የሚታዩት ኤንጅሉ ገና ጫጩት ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ ልኩን መጠየቅ ያለብን ዛሬ ባለበት ሳይሆን አድጎ በሚደርስበት ነው።

ሦስተኛው የጠባይ ጥያቄ ነው። አንዱ የሌላውን ክንፍ ይነጫል ወይ? ክልል ይዞ ያባርራል ወይ? ታይገር ባርብ የሚባለው ባለ ጥቁር መስመር ዓሣ ረጅም ክንፍ ያለው ጎረቤት ካገኘ ሲነጭ ይውላል። ሁለት ወንድ ቤታዎች በአንድ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ከተገናኙ እስኪቈሳሰሉ፥ ብዙ ጊዜም አንዱ እስኪሞት ይዋጋሉ። ወንድ ቤታ ጅራቱ ያማረውን ወንድ ጋፒ እንደ ባላንጣው ቈጥሮ ሊያጠቃው ይችላል።

አራተኛው የማኅበርና የፎቅ ጥያቄ ነው። አንዳንዱ ዓሣ በመንጋ ካልሆነ አይኖርም። ኒዮን ቴትራና ዜብራ ዳኒዮ ቢያንስ ስድስት ሆነው መግባት አለባቸው። ብቻውን የገባ ዳኒዮ ወይ ከፍርሃት የተነሣ ይደበቃል፥ ወይም ሌላውን ያዋክባል። እንደዚሁም አንዱ በውኃው ፊት፥ አንዱ በመካከል፥ አንዱ በጠጠሩ ላይ ይኖራል። ሁሉም አንድ ፎቅ የሚፈልጉ ከሆነ፥ ከላይ የተጨናነቀ ከታች ባዶ የሆነ ቤት ይሆናል።

እኛ አምባዛዋን ስንጨምር ከአራቱ አንዱንም አልጠየቅንም። ሁለተኛውን ብቻ እንኳ ብንጠይቅ ኖሮ ስድስቱ ጋፒዎች በሕይወት በኖሩ ነበር። አምባዛ በስምንት ጢሞቹ ጨለማ ውስጥ እየዳሰሰ በሌሊት የሚያድን ሰፊ አፍ ያለው ዓሣ ነው። ጋፒ ደግሞ በሌሊት ሳይንቀሳቀስ ያርፋል።

4. ስንት ዓሣ ይበቃል?

የሣጥኑን መጠን ማወቅ ቀላል ነው። ርዝመቱን፥ ስፋቱንና ከፍታውን በሳንቲ ሜትር አባዝቶ ለ1000 ማካፈል ብቻ ነው። የእኛ ሣጥን 60 በ30 በ30 ስለ ሆነ 54 ሊትር ይይዛል። ጠጠሩና ድንጋዩ የሚወስደውን፥ ከላይም ባዶ የሚተወውን ስንቀንስ ወደ 45 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይቀራል።

ለትናንሽና ቀጫጭን ዓሦች በልምድ የሚሠራበት ሕግ ለ1 ሳንቲ ሜትር የዓሣ ርዝመት 1 ሊትር ውኃ ነው። ርዝመቱ የሚለካው ዓሣው አድጎ በሚደርስበት ነው። ስለዚህ በእኛ ሣጥን ጠቅላላው የዓሣ ርዝመት ከ45 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ይህ የመጨረሻው ወሰን ነው እንጂ ልንሞላው የሚገባ ኮታ አይደለም። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ማጣሪያውም አብሮ ስለሚቆም፥ ከወሰኑ በታች መሆን ብልኅነት ነው። መብራት በጠፋ ጊዜ ምግብ አለመስጠት፥ ውኃውንም በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ አየር ያስገባል።

ሕጉ ለትልልቅ ዓሦች አይሠራም። 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ወርቃማ ዓሣ ባለ 4 ሳንቲ ሜትር አምስት ዓሦችን አያህልም፤ ሥጋው፥ ምግቡና ኩሱ እጅግ ይበልጣል።

5. የሚሆኑና የማይሆኑ

ከዚህ በታች ያሉት ምክሮች ከላይ የተባለው ዐይነት ሣጥን ላለው ተማሪ የሚሆኑ ናቸው።

ማሞቂያ ለሌለው፥ የክፍሉም ሙቀት በሌሊት ወደ 18 ዲግሪ ዝቅ ለሚልበት፥ ዜብራ ዳኒዮና የነጭ ደመና ዓሣ ይስማማሉ። ዜብራ ዳኒዮ ከሕንድና ከባንግላዴሽ ወንዞች የመጣ፥ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ የሚኖር፥ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚሆን ንቁ ዓሣ ነው። የነጭ ደመና ዓሣ ስሙን ያገኘው በቻይና በካንቶን አጠገብ ካለው የነጭ ደመና ተራራ ሲሆን፥ በ1932 በሳይንስ ስም ተሰጠው። እርሱም 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከ16 እስከ 22 ዲግሪ ይኖራል። ሁለቱ ከ18 እስከ 22 ባለው ይገናኛሉ። ስድስት ዳኒዮና አምስት ነጭ ደመና 44 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ ወሰኑ ይኸው ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መርጦ ስምንት ማኖር ደግሞ ይበልጥ የተመቸ ነው። ሁለቱም ስለሚዘሉ ሣጥኑ ክዳን ያስፈልገዋል።

ሙቀቱን ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ለማድረግ የሚችል፥ ውኃውም ማዕድን የበዛበት የሆነ ሰው ስድስት ወንድ ጋፒዎችንና አራት ወንድ ፕላቲዎችን ሊያኖር ይችላል። ጋፒ ስሙ የተወሰደው በ1866 ከትሪኒዳድ ደሴት ናሙናውን ወደ ሎንዶን ከላከው ከሮበርት ጋፒ ነው። ወንዶቹን ብቻ ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ጋፒ እንቁላል የማይጥል፥ ልጆቹን በሕይወት የሚወልድ ዓሣ ነው። አንዲት ሴት በየአራት ሳምንቱ ገደማ ብዙ ጫጩት ትወልዳለች፤ አንድ ጊዜ ከተጠቃችም ዘሩን በሆዷ አቆይታ ያለ ወንድ ለወራት ትወልዳለች። ሳያስቡ ሴት የጨመረ ሰው በአንድ ሴሚስተር ውስጥ ሣጥኑ ይሞላበታል።

ቤታን የወደደ ሰው አንድ ወንድ ብቻ፥ ማሞቂያ ባለው ሣጥን፥ ለብቻው ያኑረው። ብቸኝነቱ አያሳዝነንም፤ እርሱ ጎረቤት አይፈልግም።

ወርቃማው ዓሣ ግን ለትንሽ ሣጥን አይሆንም። ቻይናውያን ከሺሕ ዓመት በላይ ያረቡት ይህ ዓሣ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፥ ብዙ ያቈሽሻል፥ በአፉ የሚገባለትንም ትንሽ ዓሣ ይበላል። በክብ ብርጭቆ ዕቃ ተደርጎ በየሱቁ ጠረጴዛ ላይ የሚታየው ወርቃማ ዓሣ የሚኖረው ሳይሆን ቀስ ብሎ የሚሞተው ነው።

አዲስ ዓሣ ሲመጣ በቀጥታ ከነባሮቹ ጋር አይቀላቀልም። በሌላ ዕቃ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል ተለይቶ ይቆይ፤ በሽታ ካለበት በዚያ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይገለጣል። ወደ ሣጥኑ ሲዛወርም ከረጢቱ በውኃው ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ተንሳፎ ሙቀቱ ይስተካከል፤ ከዚያ የሣጥኑ ውኃ ጥቂት ጥቂት እየተጨመረበት ይለማመድ። ምግብም በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፥ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚያልቅ ብቻ ይሰጥ።

6. የወንዛችንን ዓሣ ብናኖርስ?

«የሩቅ አገር ዓሣ ከምንገዛ የኦሞን ወይም የነሪን ዓሣ ለምን አናኖርም?» የሚል ጥያቄ ከጓደኞቻችን ቀርቦልናል። ሐሳቡ የሚያኰራ ነው፤ እኛም ወደነው ነበር። ዳሩ ግን አራቱ ጥያቄዎች የአገር ልጅነትን አይተው አያልፉም።

ቆሮሶን እንውሰድ። ሥጋው የሚወደድ፥ ጠባዩ የሚያስደንቅ ዓሣ ነው። ወንዱ በአሸዋው ላይ ጎድጓዳ ቤት ቈፍሮ ክልሉን ይጠብቃል፤ ሴቲቱ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። ነገር ግን ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል፤ ሁለት ወንዶች በ60 ሳንቲ ሜትር ሣጥን ውስጥ ክልል ሊካፈሉ አይችሉም። የኤሌክትሪኩ ዓሣ የሚያመነጨው ኀይል እስከ 350 ቮልት ይደርሳል፤ ጎረቤት የሚባል አይችልም። ፓፈሩ እንደ ወፍ መንቈር ባለ ጥርሱ የቀንድ አውጣ ቤት ይሰብራል፥ የጎረቤቱንም ክንፍ ይቈርጣል። አምባዛ ከአንድ ሜትር በላይ ያድጋል። ከአየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው በጥቂት ውኃ ብዙ ይቆያል። እኛን ያስደነቀን የጄሪካኑ ጥንካሬ ምሥጢሩ ይህ ነበር። ለትንሽ ሣጥን ግን ጥንካሬ መስማማት አይደለም።

የወንዞቻችንን ዓሦች ማወቅ የሚፈልግ ተማሪ ሣጥን አያስፈልገውም። ወደ ወንዙ ወርዶ ቁጭ ብሎ ማየት፥ የሚያጠምዱትንም ሽማግሌዎች መጠየቅ ይበቃዋል።

7. የማይስማማውን ዓሣ የት እናድርገው?

ከጋፒዎቹ ዕልቂት በኋላ በመካከላችን ከሁሉ የከበደው ክርክር የተነሣው በዚህ ጥያቄ ነው። የገዘሩ ጓደኛችን አምባዛዋን መልሶ ሊወስዳት ፈለገ።

«ካመጣሁባት ወንዝ ብመልሳት ምን ክፋት አለው? የሰው አገር አልወስዳት» አለ።

ነገሩ ትክክል መስሎን ነበር። በኋላ ግን አንደኛው ጓደኛችን እንዲህ አለው፦ «አንተ ያመጣሃት ብቻዋን ነው፤ የምትመልሳት ግን ብቻዋን አይደለም። ከየት ከየት አገር ከተለቀሙ ዓሦች ጋር በአንድ ውኃ ከርማለች፤ በልታቸዋለችም። በዐይን የማይታይ ተባይ ይዛ ብትገባ ለወንዝህ ምን ትለዋለህ?»

ክርክሩ የቃላት ጨዋታ አልነበረም። በአገራችን የገባ ዓሣ ከገባ በኋላ እንደማይወጣ የሚያሳይ ታሪክ አለ። ዛሬ በዝዋይና በቆቃ የሚሰገረው ካርፕ ከውጭ አገር የመጣ ነው። አምባዛም ቢሆን በብዙ ወንዞቻችን ነባር ሲሆን በዝዋይ ሐይቅ አልነበረም፤ በአጋጣሚ ገብቶ ተራባና ዛሬ ከሐይቁ ዋና ዋና ዓሦች አንዱ ሆነ። እንግዲህ ያገር ዓሣ እንኳ ባገሩ ሌላ ውኃ እንግዳ ነው። የጂንካው ነሪ ወደ ማጎ፥ ማጎም ወደ ኦሞ ይወርዳል። በአንድ ሰው ባልዲ ከአንድ ድልድይ ላይ የሚደፋ ነገር በዚያ ድልድይ ሥር አይቀርም። ስለሆነም ዓሣም ሆነ ተክል፥ የሣጥኑም ውኃ፥ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ቦይ አይደፋ። ውኃው ወንዝ በማይደርስበት ደረቅ መሬት ላይ ይፍሰስ፤ ለአትክልትም ይጠቅማል። የማይስማማ ዓሣ የሚችል ሣጥን ላለው ሰው ይሰጥ።

ጓደኛችን ይህን ሁሉ ሰምቶ ብዙ ዝም ካለ በኋላ «እንግዲያው እኛ አንድ ማታ ሳናስብ ባደረግነው እርሷ ለዘለዓለም ካገሯ ትቅር?» አለ። መልስ የሰጠው አልነበረም። አምባዛዋ ዛሬ ከመኝታ ቤታችን ጀርባ ከጥላ ሥር ባቆምንለት ግማሽ በርሜል ውስጥ ትኖራለች። ርዝመቷ ሁለት ስንዝር አልፏል። ጓደኛችን በየቅዳሜው ውኃዋን ይቀይርላታል። በርሜሉ ሲጠባት ምን እንደሚደረግ እስካሁን አልተስማማንም፤ «ትበላ» የሚሉ አሉ፥ እርሱ ግን አይሰማቸውም።

መስታወቱን እንደገና አጥበን፥ ስድስት ሳምንት ታግሠን፥ ስምንት ዜብራ ዳኒዮዎች አኑረንበታል። ከገቡ አምስት ወራቸው ነው፤ ስምንቱም አሉ።

ተማሪ ወገኖቻችን ሆይ፥ ዓሣ ለማኖር የምታስቡ ሁሉ ከመግዛታችሁ በፊት አራቱን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፋችሁ መልሳቸውን ፈልጉ። ያለ ድካም የሚገኝ መልስ ነው። ከገዛችሁ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ግን፥ እኛ በበርሜሉ ዙሪያ ቆመን እንደምንጠያየቀው ያለ፥ መልሱ ሁሉ የሚያስከፍል ጥያቄ ነው።